ቮልቱ የማን፣ አምፔሩ የማን? ሬዚስታንስንና ፓወርን ማስላት

ኤሌክትሪክ መማር የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ሁለት ቀመሮች ጎን ለጎን ያገኛል። አንደኛው "ፓወር ከፈለግህ ከረንቱን በራሱ አባዛ፣ ከዚያ በሬዚስታንስ አባዛው" ይላል። ሬዚስታንስ ማለት ዕቃው ከረንት እንዳያልፍ የሚያሳየው መቋቋም ነው፤ ማሞቂያና ሽቦ ላይ ፓወሩ የሚወጣው በሙቀት ነው። በዚህ ከሄድን ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀትም ይጨምራል። ሁለተኛው "ቮልቴጁን በራሱ አባዛ፣ ከዚያ ለሬዚስታንስ አካፍለው" ይላል። በዚህ ከሄድን ደግሞ ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል። ታዲያ የትኛውን እንመን?

ሁለቱንም። ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ ለጠያቂው አይበቃውም። ጥያቄው ትልቅ ጥያቄ ነው። መልሱ በደንብ የገባው ሰው የላላ ሶኬት ለምን እንደሚቃጠል፣ ረጅም ገመድ ለምን እንደሚሞቅ፣ ባትሪው ደህና የሆነ መኪና ለምን አልነሳ እንደሚል በራሱ አስልቶ ይደርስበታል። ሒሳቡ ማባዛትና ማካፈል ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ሰው የሚሳሳተው የማይገናኙ ቁጥሮችን ሲያገናኝ ነው። የአንዱን ዕቃ ቮልት ወስዶ ለሌላው ዕቃ አምፔር ያካፍላል።

ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይላሉ?

ከረንት በአንድ ቦታ የሚያልፍ ነገር ነው። ሽቦው ላይ አንድ ቦታ ምረጡ። በዚያ ቦታ በየሰከንዱ ምን ያህል የኤሌክትሪክ ቻርጅ እንዳለፈ የሚነግራችሁ ከረንት ነው። የቻርጅ መለኪያው ኩሎምብ ይባላል። በሰከንድ 1 ኩሎምብ ካለፈ ከረንቱ 1 አምፔር ነው። በኤሌክትሮን እንቁጠረው ካልን፣ በየሰከንዱ ወደ 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን ኤሌክትሮን ማለት ነው።

ቮልቴጅ ግን ሁልጊዜ በሁለት ነጥቦች መካከል ነው። "እዚህ ጋ ስንት ቮልት አለ?" የሚለው ጥያቄ ግማሹ ጎድሏል። "ከየት እስከ የት?" መባል አለበት። ቮልቴጅ የሚነግረን አንድ ኩሎምብ ቻርጅ ከአንደኛው ነጥብ ተነስቶ ሌላኛው እስኪደርስ ስንት ጁል ጉልበት እንደሚያስረክብ ነው። 220 ቮልት ማለት እያንዳንዱ ኩሎምብ በመንገዱ ላይ 220 ጁል ትቶ ያልፋል ማለት ነው።

ይህን ከያዛችሁ የፓወርን ቀመር መሸምደድ አያስፈልጋችሁም። አንድ ኩሎምብ ይህን ያህል ጁል ይሰጣል። በሰከንድ ይህን ያህል ኩሎምብ ያልፋል። ሁለቱን ስታባዙ በሰከንድ ስንት ጁል እንደተሰጠ ታገኛላችሁ። በሰከንድ 1 ጁል ደግሞ 1 ዋት ነው። ስለዚህ፦

ፓወር = ቮልቴጅ × ከረንት

ይህ ቀመር ለማሞቂያም፣ ለሞተርም፣ ለባትሪም፣ ለስልክ ቻርጀርም በየቅጽበቱ ይሠራል። የሁሉም እናት እሱ ነው። ሬዚስታንስ ደግሞ የሚገኘው በማካፈል ነው፦

ሬዚስታንስ = ቮልቴጅ ÷ ከረንት

ሁለቱ ጫፎቹ መካከል 1 ቮልት ስታደርጉበት 1 አምፔር የሚያሳልፍ ዕቃ ሬዚስታንሱ 1 ኦም ነው። ያው 1 ቮልት ግማሽ አምፔር ብቻ ካሳለፈ 2 ኦም ነው ማለት ነው።

የኦም ስም የመጣው ከጀርመናዊው የፊዚክስ ሰው ከጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ሥራውን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1827 ነው። እኔን ከሕጉ እኩል የሚያስደንቀኝ የለካበት መንገድ ነው። በዘመኑ የነበሩት ባትሪዎች ቮልቴጃቸው አንድ ቦታ አይረጋም ነበር። ከረንት ሲወሰድባቸው ይወርዳሉ። ኦም ባትሪውን ትቶ የቢስሙትና የመዳብ መጋጠሚያ ተጠቀመ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጋጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። አንደኛውን ጫፍ በሚፈላ ውሃ፣ ሌላኛውን በበረዶ ያዘው። የሚፈላ ውሃና የሚቀልጥ በረዶ ሙቀታቸው ስለማይዋዥቅ ቮልቴጁም ረጋለት። ከዚያ የሽቦውን ርዝመት እየቀያየረ ከረንቱን ለካ። አንዱን ነገር አስሮ ሌላውን ባይለውጥ ኖሮ ሕጉ ከቁጥሮቹ መሃል አይወጣለትም ነበር። ይህን አያያዙን ልብ በሉት፤ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚፈታልን እሱ ነው።

አንድ ማሞቂያ እናስላ

የውሃ ማፍያ አለን እንበል። እየሠራ ሳለ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል 220 ቮልት ለካን። የሚያልፍበት ከረንት 8.8 አምፔር ሆነ።

220 ÷ 8.8 = 25 ኦም
220 × 8.8 = 1,936 ዋት

አለቀ። ሌሎቹ ሁለት ቀመሮች ከዚሁ የሚወጡ ናቸው። ቮልቴጅ ማለት ከረንት በሬዚስታንስ ሲባዛ ስለሆነ፣ በቮልቴጁ ቦታ ይህን ብንተካ ከረንት × ከረንት × ሬዚስታንስ ይመጣል። 8.8 × 8.8 × 25፣ መልሱ 1,936 ዋት። በከረንቱ ቦታ ደግሞ ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስን ብንተካ ቮልቴጅ × ቮልቴጅ ÷ ሬዚስታንስ ይሆናል። 220 × 220 ÷ 25፣ አሁንም 1,936 ዋት።

ሦስቱ መንገዶች አንድ ቦታ የደረሱት ቁጥሮቹ ሁሉ የአንድ ዕቃ ስለሆኑና የተለኩትም በአንድ ጊዜ ስለሆነ ነው። ሦስቱን ሞክራችሁ አንደኛው ከሌሎቹ ከተለየ ቀመሩን አትጠራጠሩ። ከቁጥሮቹ አንዱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው።

ስለ መለኪያዎች አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። የኤሌክትሮኒክስ ሥራ ላይ ከረንት ብዙ ጊዜ በሚሊ አምፔር ነው የሚነበበው። 9 ቮልት ለ18 ሚሊ አምፔር ሲካፈል 0.5 ይመጣል፤ ይህ ግን 0.5 ኪሎ ኦም ነው፣ ማለትም 500 ኦም። ቮልትን ለሚሊ አምፔር ካካፈላችሁ መልሱ በኪሎ ኦም፣ ቮልትን በሚሊ አምፔር ካባዛችሁ መልሱ በሚሊ ዋት ነው። 9 × 18 = 162 ሚሊ ዋት። ይህችን የያዘ ሰው ነጥብና ዜሮ እያሳደደ አይደክምም። ዋት ደግሞ ፍጥነት እንጂ ጠቅላላ ፍጆታ አይደለም። ማፍያችን ለግማሽ ሰዓት ቢሠራ ቆጣሪው ላይ 0.968 ኪሎዋት ሰዓት ይጨምራል።

ገመዱም ድርሻ አለው

አሁን ያንኑ ማፍያ በ30 ሜትር ኤክስቴንሽን ገመድ እንሰካው። የገመዱ ሽቦ መዳብ ነው፤ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። እንዲህ ያለ ሽቦ በኪሎ ሜትር ወደ 12 ኦም ሬዚስታንስ አለው። ከረንቱ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 60 ሜትር ነው። ስለዚህ ገመዱ 0.72 ኦም አለው። ብዙ ሰው መመለሻውን ይረሳና ግማሹን ብቻ ያሰላል።

ገመዱና ማፍያው ተከታትለው የተያያዙ ናቸው። በአንዱ ያለፈው ከረንት በሌላውም ያልፋል። ስለዚህ ሬዚስታንሳቸው ይደመራል፤ 25 እና 0.72፣ 25.72 ኦም። ሶኬቱ ላይ 220 ቮልት ካለ ከረንቱ 220 ÷ 25.72፣ ማለትም ወደ 8.55 አምፔር ነው።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። "ገመዱ ስንት ዋት ይበላል?" ተብሎ ሲጠየቅ ሁለተኛውን ቀመር አንስቶ 220 × 220 ÷ 0.72 ይላል። መልሱ ከ67,000 ዋት በላይ ይመጣል። ይህ እውነት ቢሆን ገመዱ ወዲያው በቀለጠ ነበር። ቀመሩ አላጠፋም። 220 ቮልት የሶኬቱ ነው፤ የገመዱ አይደለም። ገመዱ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ 8.55 × 0.72፣ ወደ 6.16 ቮልት ብቻ ነው። ይህን ይዘን ብንሄድ፦

6.16 × 8.55 = ወደ 53 ዋት
8.55 × 8.55 × 0.72 = ወደ 53 ዋት
6.16 × 6.16 ÷ 0.72 = ወደ 53 ዋት

ተስማሙ። ማፍያው ጋ የሚደርሰው ወደ 213.8 ቮልት ነው፤ ፓወሩም ወደ 1,830 ዋት ይወርዳል። 53 ዋት በ30 ሜትር ላይ ተዘርግቶ ሲወጣ ገመዱ ለብ ይል ይሆናል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ገመዱ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ግን ያ ሁሉ ሙቀት አንድ ቦታ ይታፈናል። ከባድ ዕቃ ስትሰኩ ጥቅል ኤክስቴንሽን ፈትታችሁ ዘርጉት የሚባለው ለዚህ ነው።

ተገላቢጦሹም ያሳስታል። አንድ ሰው ቮልቱን ሶኬቱ ጋ፣ ከረንቱን ማፍያው ጋ ለክቶ ቢያካፍል 25.73 ኦም ገደማ ያገኛል። "የማፍያው ሬዚስታንስ ይህ ነው" ካለ ተሳስቷል። የለካው የማፍያውንና የገመዱን ድምር ነው። የማፍያውን ብቻ ከፈለገ የቮልት መለኪያውን ሁለት ጫፎች ማፍያው ጋ ማድረግ አለበት።

የላላው ሶኬት

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀት ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

መልሱ የተሰቀለው "ምኑ ነው ያልተለወጠው?" በሚለው ላይ ነው። ማፍያው ለብቻው 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ቮልቴጁን የወሰነው ምንጩ ነው። ሬዚስታንሱን ከ25 ወደ 50 ኦም ብናሳድገው ቮልቴጁ እዚያው ይቆያል፣ ከረንቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ፓወሩም በግማሽ ቀንሶ 968 ዋት ይሆናል። እዚህ ሬዚስታንስ ሲጨምር ሙቀት ቀነሰ።

ሶኬቱ ውስጥ የላላ ብሎን ሲኖርስ? ሽቦው በደንብ ስላልተያዘ መጋጠሚያው ላይ 0.5 ኦም ሬዚስታንስ ተፈጠረ እንበል። መንገዱ ሁሉ ሲደመር 25.5 ኦም ነው። ከረንቱ ወደ 8.63 አምፔር ይሆናል። መጋጠሚያው ላይ የሚወጣው ሙቀት 8.63 × 8.63 × 0.5፣ ወደ 37 ዋት። ይህ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ሽቦ ለማጣበቅ ቆርቆሮ የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ መበየጃ ብዙ ጊዜ ከ25 እስከ 40 ዋት ነው። እዚህ ያው ሙቀት ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ፣ ፕላስቲክ ሶኬት ውስጥ፣ ማንም ሳያየው ይወጣል።

በዚህ ላይ ብሬከሩ ምንም አያይም። ብሬከር የሚጠብቀው ከረንትን ነው። ከረንቱ ደግሞ ከ8.8 ወደ 8.63 ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ማፍያውም ይሠራል፤ ውሃው ትንሽ ዘግይቶ ይፈላል እንጂ ማንም ልብ አይለውም። የሞቀው መጋጠሚያ ላዩ እየተበላሸ ሲሄድ ሬዚስታንሱ ያድጋል። ሬዚስታንሱ ሲያድግ ሙቀቱ ይብሳል። ሬዚስታንሱ 5 ኦም ሲደርስ መጋጠሚያው ላይ የሚወጣው ወደ 269 ዋት ነው።

ሒሳቡን እንቀጥል፤ የሚያስደስተው እዚህ ነው። የመጋጠሚያው ሬዚስታንስ 25 ኦም ቢደርስ፣ ማለትም ከማፍያው ጋር ቢተካከል፣ ከረንቱ 4.4 አምፔር ይሆናል፤ መጋጠሚያው ላይ 484 ዋት ይወጣል። ከዚህ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። 100 ኦም ላይ ወደ 310 ዋት ይወርዳል። 1,000 ኦም ላይ ወደ 46 ዋት። ጨርሶ ሲቋረጥ ዜሮ። ማለትም አንድ ሬዚስታንስ ከመንገዱ ቀሪ ክፍል አንጻር ትንሽ እስከሆነ ድረስ ከረንቱን የሚወስነው ሌላው ነው፤ እሱ ባደገ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል። እሱ ራሱ ትልቁ ሲሆን ግን አብዛኛው ቮልቴጅ እሱ ላይ ይወድቃል፣ ከረንቱንም የሚወስነው እሱ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ማደጉ ሙቀቱን ይቀንሰዋል። የሚበዛው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው።

ስለዚህ እናንተ ቤት ስፒናው ሲነካ የሚያቃጥል ሶኬት ካለ "ብሬከሩ አልወረደም፣ ደህና ነው" አትበሉ። ይዘጋና ባለሙያ ያጥብቀው ወይም ይቀይረው።

በራሱ መባዛቱ የሚያመጣው

ቮልቴጁ በራሱ ስለሚባዛ ትንሽ ለውጥ ትልቅ ይሆናል። ማፍያችን ጋ 220 ሳይሆን 180 ቮልት ቢደርስ 180 × 180 ÷ 25፣ 1,296 ዋት ብቻ ይሰጣል። ቮልቴጁ የቀነሰው በ18 ከመቶ ነው፤ ፓወሩ ግን በ33 ከመቶ ወረደ። ለ110 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ 220 ላይ ሲሰካ ደግሞ ሁለት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ፓወር ይወስዳል። ተቃጠለ የሚባለው ለዚህ ነው።

ከረንቱ በራሱ መባዛቱ ደግሞ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሮች የተሠሩበትን ምክንያት ያሳያል። 10,000 ዋት 1 ኦም ሬዚስታንስ ባለው መስመር እንላክ። በ500 ቮልት ከላክነው 20 አምፔር ያስፈልጋል፤ መስመሩ ላይ 20 × 20 × 1፣ 400 ዋት በሙቀት ይባክናል። በ5,000 ቮልት ከላክነው 2 አምፔር ይበቃል፤ የሚባክነው 4 ዋት ብቻ ነው። ቮልቴጁ አሥር እጥፍ ሲያድግ ብክነቱ መቶ እጥፍ አነሰ።

ሬዚስታንስ ቋሚ የማይሆንባቸው

እስካሁን 25 ኦሙ አይለወጥም ብለን ነው የሄድነው። ለማሞቂያ ይህ ብዙም አያሳስትም። ማሞቂያ የሚሠራበት ኒክሮም የሚባለው ቅይጥ ብረት ቢሞቅም ሬዚስታንሱ ብዙ አይቀየርም። መዳብ ግን በየአንድ ዲግሪው ወደ 0.4 ከመቶ ይጨምራል። ከ20 ወደ 70 ዲግሪ የሞቀ የመዳብ ሽቦ ሬዚስታንሱ በ20 ከመቶ ገደማ አድጓል።

በጣም የሚገርመው የድሮው ባለ ክር አምፖል ነው። 60 ዋት የሚል 220 ቮልት አምፖል ውሰዱ። ከረንቱ 60 ÷ 220፣ ወደ 0.27 አምፔር ነው። ሬዚስታንሱ ወደ 807 ኦም ይሆናል። አሁን አምፖሉን ነቅላችሁ በመልቲሜትር፣ ማለትም ቮልት፣ አምፔርና ኦም በሚለካው መሣሪያ ለኩት፤ የምታገኙት ከዚህ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። መልቲሜትሩ አልዋሸም፣ ሒሳባችሁም አልተሳሳተም። የተንግስተኑ ክር ሲበራ ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው፤ የለካችሁት ግን የቀዘቀዘውን ነው። ቀዝቃዛው 60 ኦም ቢሆን በሚበራበት ቅጽበት 220 ÷ 60፣ ወደ 3.7 አምፔር ይጎርፍበታል። እንዲህ ያለ አምፖል ብዙ ጊዜ ልክ ማብሪያው ሲጫን የሚቃጠለው በዚህ ነው።

ኤልኢዲ ላይ ነገሩ ይለያል። ቮልቱን በጥቂቱ ከፍ ስታደርጉት ከረንቱ በብዙ ይዘላል። ስለዚህ "የኤልኢዲው ሬዚስታንስ" ብሎ አንድ ቁጥር መያዝ አይጠቅምም። በ12 ቮልት ምንጭ ላይ 2 ቮልት የሚይዝ ቀይ ኤልኢዲ በ20 ሚሊ አምፔር ማብራት ፈለግን እንበል። ከረንቱን የሚገድብ ሬዚስተር እንጨምራለን። ስንት ኦም? ጀማሪ 12ን ለ0.02 አካፍሎ 600 ይላል። ሬዚስተሩ ጋ ግን 12 ቮልት የለም፤ 2ቱን ኤልኢዲው ይዞታል፣ የሬዚስተሩ ድርሻ 10 ቮልት ነው። 10 ÷ 0.02 = 500 ኦም። ፓወሩ 10 × 0.02፣ 0.2 ዋት። ሩብ ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃዋል፣ ግን ወደ ጣሪያው ተጠግቶ ስለሚሠራ ይሞቃል። እኔ ብሆን ግማሽ ዋቱን ነው የምመርጠው።

የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ደግሞ ጭራሽ በተቃራኒው ይሄዳሉ። ውስጣቸው ያለው ሰርኪት የሚፈልገውን ፓወር ለማግኘት ቮልቴጁ ሲወርድ ከረንት ይጨምራል። እነሱ ላይ ቮልትን ለአምፔር ብታካፍሉ የምታገኙት ቁጥር ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው።

ተለዋዋጭ ከረንት ላይ

ከሶኬት የሚመጣው ከረንት አቅጣጫውን እየቀያየረ ነው። 220 ቮልት የምንለው አማካይ ዓይነት ቁጥር ነው፤ የሙቀት ሥራው ከ220 ቮልት ቋሚ ምንጭ ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተወሰደ። ጫፉ ላይ ወደ 311 ቮልት ይደርሳል። ለማሞቂያ ሒሳባችን ሳይለወጥ ይሠራል።

ሞተር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሞተር ጥቅል ሽቦ ከረንቱ ከቮልቴጁ ዘግይቶ እንዲሄድ ያደርጋል። በአንዳንዱ ቅጽበት ጉልበት ይቀበላል፣ በሌላው መልሶ ይሰጣል። ስለዚህ መለኪያው 220 ቮልትና 5 አምፔር ቢያሳይ 1,100 ዋት አትበሉ። 1,100 ቮልት አምፔር ነው። የሞተሩ ፓወር ፋክተር፣ ማለትም ከቮልት አምፔሩ በእውነት ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ፣ 0.8 ከሆነ እውነተኛው ፓወር 880 ዋት ነው። የሞተርን ጥቅል በመልቲሜትር ለክቶ በዚያ ኦም 220ን ማካፈልም እንደዚሁ ያሳስታል፤ ሞተሩ ሲሽከረከር ከረንቱን የሚገድበው የሽቦው ሬዚስታንስ ብቻ አይደለም።

ሲለካ

ቮልት የሚለካው ዕቃው እንደተያያዘ፣ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በዕቃው ሁለት ጫፎች ላይ በማድረግ ነው። አምፔር የሚለካው መስመሩን ከፍቶ መለኪያውን መሃል በማስገባት ነው። መልቲሜትር አምፔር ላይ ሆኖ ሳለ እንደ ቮልት መለኪያ ምንጩ ላይ ቢደረግ ሾርት ነው። ውስጡ ሬዚስታንስ የለውም ማለት ይቻላል፤ ከረንቱ ገደብ ያጣል። የሶኬት መስመር ላይ ይህ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ለእንዲህ ያለ መስመር ሽቦውን አቅፎ የሚለካው ክላምፕ ሜትር ይሻላል፤ ግን አንዱን ሽቦ ብቻ ማቀፍ አለበት። ሁለቱን አብሮ ካቀፈ የሚሄደውና የሚመለሰው ተጣፍቶ ዜሮ ያነባል። ኦም ደግሞ ኃይል ያለበት ዕቃ ላይ ፈጽሞ አይለካም።

በጣም ትንሽ ሬዚስታንስ ሲሆን የመልቲሜትሩ ኦም መለኪያ አይረዳም። የራሱ መለኪያ ሽቦዎች ብቻ ጥቂት አሥረኛ ኦም አላቸው። የሚፈለገው ነገር በዚያ ውስጥ ይጠፋል። መፍትሔው ወደ ማካፈሉ መመለስ ነው። ዕቃው ላይ ትልቅ ከረንት ይለፍ፣ ጫፎቹ ላይ የሚቀረው ቮልት ይለካ።

መኪና አልነሳ ሲል ይህ በደንብ ይታያል። ባትሪው ሳይነካ 12.6 ቮልት ያነባል። ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሹ የኤሌክትሪክ ሞተር፣ ሲዞር 150 አምፔር ይወስዳል እንበል፤ የባትሪው ቮልት ወደ 10.6 ወረደ። የጠፋው 2 ቮልት ባትሪው ውስጥ ነው የቀረው። 2 ÷ 150፣ ወደ 0.013 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ አለው ማለት ነው። 2 × 150፣ 300 ዋት ባትሪው ውስጥ እየሞቀ ነው። እስካሁን ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም።

አሁን የመለኪያውን አንድ ጫፍ የባትሪው እርሳስ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ምሰሶውን የሚቆነጥጠው ማሰሪያ ላይ አድርጉ። ሁለቱ የተነካኩ ስለሆኑ ምንም ማንበብ የለበትም ትላላችሁ። ቁልፉን የሚያዞር ሰው ይኑር። ሞተሪኖው ሊዞር ሲሞክር መለኪያው 0.6 ቮልት ካሳየ ችግሩ ተገኘ። 0.6 ÷ 150 = 0.004 ኦም። ይህን ያህል ትንሽ ሬዚስታንስ የትኛውም ተራ ኦም መለኪያ አያየውም። ሆኖም 0.6 × 150፣ 90 ዋት እዚያች ዝገት ላይ እየባከነ ነው፤ ሞተሪኖውም ከሚገባው በታች ቮልት እየደረሰው ነው። ማሰሪያውን ፍቱት፣ ምሰሶውንም ማሰሪያውንም እስኪያብረቀርቁ ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከዚያ በዚያው ቦታ፣ ሞተሪኖው እየዞረ፣ እንደገና ለኩ። ንባቡ ከ0.1 ቮልት በታች ከወረደ በዚያ በኩል ያለው ተስተካክሏል። ካልወረደ ወይም መኪናው አሁንም ካልተነሳ የመለኪያውን ጫፎች ወደ ቀጣዩ መጋጠሚያ አዙሩ፤ ገመዱ ሞተሪኖው ላይ ወደሚታሰርበት፣ ከዚያም የኔጋቲቩ ገመድ ከመኪናው አካል ጋር ወደሚገናኝበት።